የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ጥናቶችን ፈልጎ ማግኘት፦ ከስድስት ኪሎ የሚነሣ የአሠራር መመሪያ

በመሀል አዲስ አበባ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው የጥናት ጽሑፍ ፍለጋ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው፤ ወይ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱ ተጋምሶ ፕሮፖዛል የማስገቢያ ጊዜው ደርሶበታል፣ ወይ ትምህርት ቤቱ የተግባር ምርምር እንዲያቀርብ ይጠብቅበታል። በሁለቱም ሁኔታ የሚቸግረው የጽሑፍ እጥረት አይደለም። ጽሑፉ ከሚገባው በላይ ብዙ ነው፤ ችግሩ ከበዛው ውስጥ የራሱን ክፍልና የራሱን ተማሪዎች የሚመስለውን ለይቶ ማውጣቱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መከተል ይሻላል፤ በተለይ ሁለተኛውን የዘለለ ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

1. ጥያቄውን አስቀድሞ በአማርኛ መጻፍ

ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ሊያጠኑት የሚፈልጉትን ጉዳይ፣ ለሥራ ባልደረባዎ በሻይ ሰዓት እንደሚያወሩት አድርገው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ይዘነው የምንሄደው ምሳሌ የሚከተለው ነው፦ «የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጻፉት አንቀጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩላቸውን ስሕተት በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ለምን ይደግሙታል?» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የሚመረመረው ጉዳይ የመምህሩ እርማት መሆኑና ክህሎቱ ጽሕፈት መሆኑ ተለይቶ ተቀምጧል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፍለጋው ገና ሲጀመር ይበተናል፤ «የጽሕፈት ክህሎት ችግሮች» ብሎ የተነሣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢያነብም ዳር አይደርስም።

2. ጉዳዩ በሙያው ውስጥ የሚጠራበትን ስም ማግኘት

የመፈለጊያ ሣጥን የሚያገኘው እርስዎ ያሰቡትን ሳይሆን የጻፉለትን ቃል ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ሙያ ደግሞ አንዱን ሥራ ተማሪው በሚኖርበት ሁኔታ እየለየ በተለያየ ስም ይጠራዋል። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ በገበያው፣ በታክሲውና በሆስፒታሉ እንግሊዝኛ የሚሰማ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ የሄደ የስደተኛ ልጅ ከሆነ፣ ትምህርቱ «ኢ.ኤስ.ኤል» ማለትም እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይባላል። ከክፍል ውጭ ቋንቋውን እምብዛም የማይሰማ ከሆነ ደግሞ «ኢ.ኤፍ.ኤል» ማለትም እንግሊዝኛ እንደ ውጭ ቋንቋ ይባላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን «ቴፍል» ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር ብሎ የሚያስተምረውና በውጭ ቋንቋዎች ክፍል ሥር ያስቀመጠውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

የእኛ ሁኔታ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጎ ነበር። ስለዚህ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ሳይሰማ ውሎ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያለ እንግሊዝኛ መራመድ አይችልም። ይህንን የሚያጠናው ዘርፍ ሦስተኛ ስም አለው፤ «ኢ.ኤም.አይ» ይባላል፣ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ማድረግ ማለት ነው። አጠቃላዩን ሙያ የሚሸፍኑት «ኢ.ኤል.ቲ» እና «ቴሶል» የሚሉት ስሞች ናቸው።

የስሞቹን ልዩነት የተማርኩት ከስሕተቴ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ወር ሙሉ «ኢ.ኤስ.ኤል» በሚለው ቃል ብቻ እየፈለግሁ ወፍራም ክላሰር ሞላሁ። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦ ሲመልስልኝ ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት? የአንተዎቹስ?» ያነበብኩት ሁሉ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ሰፈር ስለሚያድጉ ልጆች ነበር። ክላሰሩ እስካሁን ቤት አለ።

ለምሳሌያችን ጥያቄ የሙያው ስም «ሪትን ኮሬክቲቭ ፊድባክ» ነው፤ በጽሑፍ ላይ የሚሰጥ እርማት ማለት ነው። ቀደም ባሉት ጽሑፎች ውስጥ ይኸው ጉዳይ «ኤረር ኮሬክሽን» ወይም «ግራመር ኮሬክሽን» እየተባለ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ስም ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ለጉዳዩ የሚቀርብ አንድ ጽሑፍ ብቻ አግኝቶ፣ ከአጽሕሮቱ ሥር የተዘረዘሩትን ቁልፍ ቃላት በማስታወሻ ላይ መገልበጥ ነው። ከዚያም ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁለትና ሦስት ቃል የሆኑትን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው፣ ተመሳሳይ ስሞችን «ኦር» (ወይም) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እያያያዙ ይጽፋሉ፤ «ኦር» በትልልቅ ፊደል መጻፍ አለበት። ትእምርተ ጥቅስ ካልገባ መፈለጊያው ቃላቱን ነጣጥሎ፣ ስለ ደንበኞች አስተያየት የተጻፈውን ሁሉ ሳይቀር ያመጣል።

3. በቅርብ ካለው መጀመር

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ይሮጣል። እኔ ግን ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በአገራችን መምህራን የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማገላበጥ እንዲቀድም እመክራለሁ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ካልሆኑ መታወቂያና የመሥሪያ ቤትዎን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኤሌክትሮኒክ ማኅደሩም ስለሚያስቀምጥ አርእስቶቹን አስቀድሞ በስልክ አይቶ መሄድ ይቻላል። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተሰበሰቡትን ደግሞ «ናድሬ» በሚባለው ብሔራዊ የአካዳሚ ዲጂታል ማኅደር ውስጥ ይፈልጉ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የሚነበበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር ያያሉ፤ በሦስትና በአራት ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ስም ካለ ያንን ይመዘግባሉ። ቀጥለው አባሪውን ይከፍታሉ፤ መጠይቁ፣ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎቹና የክፍል ምልከታ ቅጹ እዚያ ናቸው። የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበት ሁለተኛው ምዕራፍ የሚነበበው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ከሌላ ጽሑፍ እንዳለ የተወሰደ ሆኖ ስለሚገኝ እዚያ ላይ የተጠቀሰውን ሁሉ ዋናውን ምንጭ ሳያዩ መልሶ መጥቀስ አይገባም።

እዚህ ላይ ፈረንጅ የጻፋቸው መመሪያዎች የማያነሷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የስማችን ጉዳይ ነው። የውጭ ዳታቤዞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ ከበደ አበበ የሚባል አጥኚ በአገር ውስጥ ጽሑፍ «ከበደ» ተብሎ ይጠቀስና በውጭ ጆርናል ውስጥ «አበበ፣ ከ.» ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ያላወቀ አንባቢ ግማሹን ሥራ ሳያይ ይቀራል። የላቲን አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ «ጸጋዬ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፣ «ኃይለ ሥላሴ» አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድን አገር በቀል አጥኚ ሲፈልጉ በራሱ ስም፣ በአባቱ ስምና በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሽፋኑ ላይ «ሰኔ 2003» የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በውጭው 2011 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ይህን ሳያስተውሉ «የቅርብ ጊዜ ጥናት የለም» ብለው በፕሮፖዛል ላይ የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የቆዩ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚያጠኑ ከሆነ ወመዘክርን አይርሱ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ቁጭ ብሎ ለማንበብና ለመጻፍ ይመቻል።

4. ኤሪክን በሚገባ መጠቀም

አንድ ዳታቤዝ ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ «ኤሪክ» የሚባለውን እመርጣለሁ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሚደግፈው፣ በትምህርት ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚያተኩር፣ ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በ«ኢ.ጄ» የሚጀምር ከሆነ የጆርናል ጽሑፍ፣ በ«ኢ.ዲ» የሚጀምር ከሆነ ሪፖርት፣ የጉባኤ ጽሑፍ ወይም ሌላ ሰነድ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ «ሪትን ኮሬክቲቭ ፊድባክ» የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ጽፈው ይፈልጉ። ውጤቱ ሲመጣ ከመፈለጊያው አጠገብ ካሉት ሁለት ምልክት ማድረጊያዎች መካከል ሙሉ ጽሑፉ በኤሪክ ላይ መኖሩን የሚለየውን ይጫኑ፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ሁለተኛው ምልክት በሙያ ባልደረቦች የተገመገሙትን ብቻ ያስቀራል። በግራ በኩል ደግሞ በዓመት፣ በትምህርት ደረጃና በአገር የሚያጣሩ ዝርዝሮች አሉ። በደረጃው ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ይምረጡ። ከአገሮቹ ኢትዮጵያን ካገኙ ይክፈቱት፤ ጥቂት ብቻ ከሆነም ቅር አይበልዎት፣ ወደ ኢራን፣ ወደ ቱርክና ወደ ኢንዶኔዥያ ይሂዱ። በእነዚህ አገሮች እንግሊዝኛ እንደ ውጭ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ የክፍሉ ሁኔታ ከለንደን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

አንድ የሚስማማ ጽሑፍ ሲያገኙ ዝርዝሩን ከፍተው «ዲስክሪፕተር» የሚባሉትን መደበኛ ቃላት ያንብቡ። እዚህ ላይ በሁለተኛው ደረጃ ከተናገርኩት ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ያያሉ፤ ኤሪክ ስለ እንግሊዝኛ እንደ ውጭ ቋንቋ የተጻፈውንም ሁሉ የሚመድበው «ኢንግሊሽ፣ ሰከንድ ላንጉዌጅ» በሚለው ቃል ሥር ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ጥናት ሲሆን «ፎሪን ካንትሪስ» የሚል ዲስክሪፕተር ይጨመርበታል። ስለዚህ በኤሪክ ውስጥ ሁለቱን ዲስክሪፕተሮች አንድ ላይ ከጉዳይዎ ስም ጋር ማጣመር በአሜሪካ ስላሉ የስደተኛ ልጆች የተሠራውን ጥናት አስቀርቶ የእኛን መሰሉን ያመጣል። ያ ወፍራም ክላሰር ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ባልተሞላ።

5. ከአንድ ጽሑፍ ወደ ኋላና ወደ ፊት መሄድ

የምሳሌያችን ጉዳይ የታወቀ ክርክር አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. ጆን ትራስኮት የሰዋስው እርማት በሁለተኛ ቋንቋ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ጥቅም ስለሌለው መቅረት አለበት ብሎ ጻፈ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ዴና ፌሪስ ይህ ድምዳሜ የተቻኮለ ነው ስትል መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር እነዚህን ሁለቱን ሳያነሣ አያልፍም። የሁለቱን ዋቢዎች ማንበብ ወደ ኋላ ይወስድዎታል።

ወደ ፊት ለመሄድ ጉግል ስኮላር የተባለውን የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ይክፈቱና የትራስኮትን ጽሑፍ ይፈልጉ። ከሥሩ «ሳይትድ ባይ» የሚል ማያያዣ ከቁጥር ጋር ያያሉ፤ ሲጫኑት ያንን ጽሑፍ የጠቀሱት ሁሉ ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ በጣም ረጅም ስለሚሆን፣ ከላይ በጠቃሾቹ ውስጥ ብቻ ለመፈለግ የሚያስችለውን ሣጥን ምልክት አድርገው «ኢትዮጵያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ከሃያ ዓመታት በላይ የቆየው ክርክር ወደ አገራችን ክፍሎች የገባበትን መንገድ በአንድ ገጽ ላይ የሚያሳይ፣ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላገኘሁም።

6. ሙሉ ጽሑፉን ያለ ክፍያ ማግኘት

አንድ ባልደረባዬ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ለምኖ አንድ የጆርናል ጽሑፍ በካርድ ካስገዛ በኋላ፣ ያው ጽሑፍ በደራሲዋ ዩኒቨርሲቲ ማኅደር ውስጥ በነጻ ተቀምጦ አገኘነው። ስለዚህ የክፍያ ገጽ ሲመጣብዎ ወዲያው አይመለሱ። በጉግል ስኮላር ከጽሑፉ ሥር ሁሉንም ቅጂዎች የሚያሳየውን ማያያዣ ይጫኑ፣ በስተቀኝ ፒ.ዲ.ኤፍ. መኖሩንም ይመልከቱ። በኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ «አንፔይዎል» የተባለውን ነጻ ቅጥያ በማሰሻዎ ላይ ይጫኑት፤ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ይጠቁምዎታል። «ጄስቶር» በተባለው የጆርናሎች ዲጂታል ማኅደር በነጻ አካውንት በየወሩ የተወሰኑ ጽሑፎችን በቀጥታ ማንበብ ይቻላል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለደራሲው በኢሜይል ይጻፉ፤ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚያስተምሩና የትኛውን ጽሑፍ እንደሚፈልጉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ከገለጹ ብዙዎቹ ይልካሉ።

ከመጀመሪያውም ነጻ የሆኑ ጆርናሎችም አሉ። «ቴስል ኢጄ» ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይወጣል፤ ስለ ንባብ ለሚያጠኑ «ሪዲንግ ኢን ኤ ፎሪን ላንጉዌጅ»፣ ስለ ቴክኖሎጂ ለሚያጠኑ «ላንጉዌጅ ለርኒንግ ኤንድ ቴክኖሎጂ» ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የብሪቲሽ ካውንስል የምርምር ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው። የአፍሪካን ጆርናሎች በ«አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ያገኛሉ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና የሳይንስ ጆርናል እዚያ አለ።

ለብቻቸው ሊነሡ የሚገባቸው ሁለት ማኅደሮች በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋሙት ናቸው። «ኦኤሲስ» ረጃጅም የቋንቋ ጥናቶችን በቀላል እንግሊዝኛ አንዳንድ ገጽ አድርጎ ያቀርባል። «አይሪስ» ደግሞ አጥኚዎች የተጠቀሙባቸውን መጠይቆች፣ ፈተናዎችና የምልከታ ቅጾች ሰብስቦ ይሰጣል። በአማካሪ ፊት ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው መጠይቁ ላይ ስለሆነ፣ አዲስ መጠይቅ ከራስ አውጥቶ ከመጻፍ በፊት አይሪስን ማየት ይገባል።

በጆርናል የማይወጡ ሪፖርቶችም አይዘለሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን ያሳየ ነው፤ ስለ ኢ.ኤም.አይ የሚጽፍ ሰው እርሱን ሳያነብ መጀመር የለበትም።

7. ማጣራት

በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትምልዎታለን የሚሉ፣ በዶላር የሚያስከፍሉ፣ ከግብርና እስከ ቋንቋ ሁሉንም በአንድ ጆርናል የሚያወጡ አታሚዎች አሉ። ከእነዚህ የተገኘ ጽሑፍ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ዋጋ ያስከፍላል። ነጻ ጆርናል ሲያጋጥምዎ ዶአጅ በሚባለው የነጻ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን ይፈትሹ፤ ለአገር ውስጦቹ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸውን ይመልከቱ።

8. መመዝገብና መቼ እንደሚቆም ማወቅ

ያገኙትን ሁሉ በዚያው ቀን ይመዝግቡ። «ዞቴሮ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዋቢዎቹን ራሱ ያደራጃል፤ ነገር ግን የአበሻ ስም ሲገባበት የአባትን ስም አስቀድሞ ይገለብጠዋል። ይህን ለማስቀረት ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነው ሁለቱን የስም ሣጥኖች ወደ አንድ ይለውጡና ስሙን እንዳለ ይጻፉት። ፋይሎቹን በፍላሽ ብቻ ይዞ መዞር አይመከርም፤ ኮፒ ቤት ገብቶ በወጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ለራስዎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ላይ መላክ ይበቃል።

ፍለጋው የሚቆመው ጽሑፍ ሲያልቅ አይደለም፣ አያልቅምና። አዲስ ጽሑፍ ከፍተው የዋቢዎቹን ዝርዝር ሲያዩ አብዛኛውን ስም አስቀድመው ካወቁት፣ ኮምፒውተሩን ዘግተው በመጀመሪያው ቀን በአማርኛ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ያውጡና መጻፍ ይጀምሩ።